አዲስ ባንድ አግኝቶ በገለልተኛ ሬዲዮ ማሰማት፦ ከፍለጋ እስከ አየር

አንድ ባንድ ሰምታችሁ «ይሄንንማ ሰው ሁሉ መስማት አለበት» ያላችሁበት ቀን ካለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ሊንኩን ለጓደኛ በቴሌግራም መላክ ጥሩ ነው። ግን የሚደርሰው እናንተን ለሚመስል ሰው ነው። ሬዲዮ ላይ ሳይፈልግ የሚሰማ ሰው አለ፦ ታክሲ የሚነዳ፣ ወጥ የሚያማስል፣ የማታ ፈረቃ ገብቶ ብቻውን የሚያመሽ። ያ ሰው ባንዱን በራሱ ፈልጎ አያገኘውም።

ገለልተኛ ሬዲዮ ስል አቅራቢው ራሱ ዘፈን የሚመርጥበትን ጣቢያ ማለቴ ነው። ዋሽንግተን ላይ ደብሊውፒኤፍደብሊው በ89.3 ከ1977 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሲያትል ላይ ኬኢኤክስፒ በ90.3 በአድማጭ መዋጮ ይሠራል። ለንደን ላይ ኤንቲኤስ በ2011 ኢንተርኔት ላይ ተጀመረ። ብሩክሊን ውስጥ ዘ ሎት ሬዲዮ ከ2016 ጀምሮ የሚያሰራጨው ከአንድ የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። አገር ቤት ደግሞ ከኤፍኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝተው የራሳቸውን ፕሮግራም የሚሠሩ አዘጋጆች አሉ፤ ስፖንሰር ማግኘቱ ቢያስጨንቃቸውም የዘፈን ምርጫው በእጃቸው ነው። መመሪያው ለሁሉም ይሠራል።

1. ስም ተከተሉ

ፍለጋውን ዩቲዩብ ላይ ብዙ እይታ ካለው ክሊፕ አትጀምሩ። እዚያ ያለው ቀድሞ የደረሰ ነው። እኔ አዋጭ ሆኖ ያገኘሁት መንገድ የተጫዋቾችን ስም መከተል ነው። አንድ ዘፈን ደስ ካላችሁ ዘፋኙን ብቻ አትያዙ። ባሱን ማን ተጫወተ? ቅንብሩ የማን ነው? ሳክስፎኑስ? እነዚህ ሰዎች አንድ ቦታ ብቻ አይጫወቱም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ቦስተን ውስጥ ሳክስፎኒስቱ ዳኒ መኮንን በ2006 ያቋቋመው ደቦ ባንድ አለ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ቫዮሊን የምትጫወተው ካይተ ሆስቴተር ናት። ደቦን ሰምቶ የቫዮሊኑ ድምፅ የያዘው ሰው ስሟን ቢከተል ቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል፤ በ2012 እዚያ ቋንቋ የሚባል ባንድ መሥርታለችና። ቋንቋ ውስጥ ማሲንቆ ከሚመታው እንድሪስ ሐሰን፣ ከሰላምነሽ ዘመነ ድምፅ፣ ከቡቡ ተክለማርያም ባስ ክራር ጋር ይገናኛል። ከእነሱ ደግሞ ወደ ሌላ። አንድ ስም ይዛችሁ ገብታችሁ አምስት ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ በእግር መሄድ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ዝግጅት ሲኖር ግቡ። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ተቋም የሚያዘጋጁትን ኮንሰርት ተከታተሉ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንድቃን ከአዝማሪ ቤትነት አንስቶ የስንቱ ባንድ መድረክ እንዳደረገው አስታውሱ፤ አዲስ ነገር የሚወለደው እንደዚያ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ ማታ ማን እንደሚጫወትባቸው ጠይቁ። ዘፋኙ ቢታወቅም ከኋላው ያሉት ልጆች የራሳቸው ባንድ ሊኖራቸው ይችላል። ዕረፍት ላይ ጠጋ ብላችሁ «ሌላ የት ትጫወታላችሁ?» ማለት በቂ ነው። ስሙን እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ጠዋት ይረሳል።

ሦስተኛው፣ የሌሎች አቅራቢዎችን ዝርዝር ማንበብ ነው። ኬኢኤክስፒ የሚያጫውተውን ዘፈን ስም ወዲያው ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ኤንቲኤስ ላይም በየፕሮግራሙ የዘፈን ዝርዝር ታገኛላችሁ። ጆሯችሁ የሚያምነውን አንድ ሁለት አቅራቢ ያዙና ዝርዝራቸውን በየሳምንቱ እዩ።

ደግሞ «አዲስ» ማለት ትናንት የወጣ ብቻ አይደለም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሲለቅም ባሕር ዳር ላይ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን ካሴት አገኘ። ኪቦርድ ይጫወትበት የነበረውን ዋሊያስ ባንድን የምናውቅ ሰዎች ኃይሉን እናውቀዋለን፤ እሱ ግን ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ብራያን ፈልጎ ደወለለት፣ ተስማሙ፣ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ደወለ። ይህን ወደ ታች እንመለስበታለን።

2. ሳትቸኩሉ ስሙ

አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በስልክ ድምፅ ማጉያ። በጆሮ ማዳመጫ የሚያምር ዘፈን መኪና ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ አድማጫችሁ ደግሞ ያለው መኪና ውስጥ ነው። ዋሽንት ብቻውን የሚከፍተው ዘፈን መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ምንም አይሰማም። ያ ማለት አትምረጡት ማለት አይደለም፤ በፊቱ ምን እንደምትሉ ማሰብ አለባችሁ ማለት ነው።

ከአንድ ባንድ ሁሉንም ዘፈን ስሙ፣ አንዱን ምረጡ። የተመልካቹን ቁጥር አትዩ። ጓደኛ ስለሆኑም አትምረጡ፣ ስላሳዘኗችሁም አትምረጡ። አድማጭ ይሄን ያውቃል፤ እንዴት እንደሚያውቅ አላውቅም፣ ግን ያውቃል። ከሳምንት በኋላ ሳታስቡት የምታንጎራጉሩት ዘፈን ካለ እሱ ነው።

3. ለባንዱ ጻፉላቸው

ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ከዩቲዩብ አውርዶ ያጫውታል፣ ባንዱ ከወራት በኋላ ከሰው ይሰማል ወይም ጭራሽ አይሰማም። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ መልእክት ነው። እንዲህ ይበቃል፦

«ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። እገሌ እባላለሁ፣ እንዲህ በሚባል ጣቢያ እሑድ ማታ የሙዚቃ ሰዓት አለኝ። ይሄን ዘፈናችሁን ላሰማ እፈልጋለሁ። ጥራት ያለው ፋይል ብትልኩልኝ፣ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት፣ የተጫዋቾቹን ስም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ፕሮግራሙ ከአየር በኋላ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል፤ ለእሱም ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ስማችሁን በትክክል እንድጠራው በድምፅ ብትልኩልኝ በጣም አመሰግናለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች። ግን የሰው ስም አየር ላይ ሲበላሽ ሰውየው እናቱን ጠርቶ ሬዲዮ ከከፈተበት ቀን ጋር ይገጥማል። በድምፅ አስልኩ።

ፋይሉ ዋቭ (ያልተጨመቀ ድምፅ) ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ኤምፒ3 በ320 ኪሎቢት። ከቴሌግራም ቻናል የወረደው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የተጨመቀ ነው። የክራሩ ጫፍ ጫፍና የከበሮው ሆድ የሚጠፋው እዚያ ነው፣ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ለባንዱ ይሰጣል።

ስለ መብት ጥቂት። አሜሪካ ውስጥ ዘፈን በኤፍኤም ሲጫወት የሚከፈለው ለዜማና ለግጥም ባለቤቱ ነው፤ ለተጫዋቹና ለዘፋኙ አይከፈልም። በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲጫወት ግን ለእነሱም ይከፈላል፣ የሚሰበስበው ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል ድርጅት ነው፣ መመዝገብ ነፃ ነው። ብዙ የእኛ ሙዚቀኞች አልተመዘገቡም። ንገሯቸው። አገር ቤት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ872/2007 ተሻሽሏል (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። አዋጁ ከደራሲው በተጨማሪ ከዋኙን (ዘፋኙንና ተጫዋቹን) እና ድምፁን የቀረጸውን አሳታሚም ያውቃል። ስለዚህ ዘፋኙ «አጫውት» ቢላችሁም አልበሙን ያሳተመ ሌላ ሰው ካለ እሱንም ጠይቁ።

ገንዘብ አትቀበሉ። ምሳም ቢሆን እኔ አልወድም። አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ አየር ላይ ሳይናገሩ ዘፈን ማጫወት በሕግ ያስጠይቃል። የአየር ሰዓት ገዝታችሁ የምትሠሩና ባንዱ ወይም አሳታሚው ስፖንሰር ካደረጋችሁ ስፖንሰር መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። አድማጭ «ይሄ ሰው የሚያጫውተው ስለወደደው ነው» ብሎ ማመኑ ዋናው ሀብታችሁ ነው።

4. ፋይሉን አዘጋጁ

ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃል። ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ዝምታ ቁረጡ። ዘፈኑን ግን አትቁረጡ። ሰባት ደቂቃ ከሆነ ሰባት ደቂቃ ነው፤ ጊዜ ካልበቃችሁ ሌላ ዘፈን ቀንሱ። የድምፁን ከፍታ ከሌሎቹ ዘፈኖች ጋር አስተካክሉ፣ ምክንያቱም ትንሽ ባንድ ቤት ውስጥ የቀዳው ዘፈን ትልቅ ስቱዲዮ ከወጣ ዘፈን ቀጥሎ ሲመጣ ዝግ ይልና አድማጩ ተበላሸ ብሎ ጣቢያ ይቀይራል። ጣቢያችሁ የራሱ መለኪያ ካለው እሱን ጠይቁ፤ አውሮፓ ውስጥ የተለመደው 23 ሉፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ከዜሮ በታች ነው። ፋይሉን የባንዱን ስም፣ የዘፈኑን ስምና ርዝመቱን አድርጋችሁ ሰይሙት። «ትራክ 01» የሚል ፋይል በቀጥታ ሥርጭት መሀል ስትፈልጉት ላብ ነው የሚያስወጣችሁ።

እግረ መንገዳችሁን ግጥሙን እስከ መጨረሻው ስሙ። አሜሪካ ውስጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ጸያፍ ቃል በአየር ላይ አይፈቀድም። በአማርኛ ስለሆነ አይቆጠርም ማለት አይደለም። የጣቢያው ኃላፊ አማርኛ ካልሰማ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

5. ቦታ ስጡት

አዲስ ባንድ የሰዓቱ መክፈቻ ላይ አታድርጉ፤ ሰው ገና እየገባ ነው። መዝጊያው ላይም አይሁን፣ ዜና ወይም ቀጣዩ ፕሮግራም ይበላዋል። ለእኔ የሚስማማኝ ከሰዓቱ ሩብ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በፊቱ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ዘፈን፣ በኋላውም እንዲሁ። ግን ዝም ብሎ የታወቀ አይሁን፣ የሚያገናኘው ነገር ይኑር። ማሲንቆ ያለበት አዲስ ባንድ ከሆነ በፊቱ ማሲንቆ ያለበት የድሮ ሥራ። ብራስ (ጥሩምባና መሰሎቹ) የበዛበት ከሆነ በፊቱ ከ60ዎቹ የክብር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመን አንድ ነገር። አድማጩ ከሚያውቀው ተነስቶ ወደማያውቀው ሲሻገር አይደነግጥም።

ጣቢያችሁ በኢንተርኔትም የሚያሰራጭ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፦ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አርቲስት ከ4 ዘፈን በላይ፣ ከአንድ አልበም ከ3 በላይ ማጫወት አይቻልም፤ የመብቱ ባለቤት ካልፈቀደ በቀር። «ሙሉ አልበሙን ላሰማ» ብላችሁ ለተነሳችሁ ይሄን አስቡ። በእኔ እምነት ግን ለአዲስ ባንድ አንድ ዘፈን ይሻላል። አንዱን ደግማችሁ ደጋግማችሁ፣ በተለያየ ሳምንት።

6. ስማቸውን ጥሩ

ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ክፍል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ብዙ የእኛ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ላይ ዘፈኑ ይጀምራል፣ አቅራቢው መግቢያው ላይ ያወራበታል፣ ሁለተኛው አዝማች ሳይደርስ ማስታወቂያ ይገባል፣ ከማስታወቂያው በኋላ ስለ ሌላ ነገር ይወራል። ማን እንደዘፈነ አልተነገረም። ግጥሙ የማን ነው? አልተነገረም። ጊታሩን የመታውማ የሚታሰብም አይደለም። ታዋቂ ዘፋኝ ከሆነ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፣ አይጎዳም። አዲስ ባንድ ግን ስሙ ካልተጠራ አልተጫወተም ማለት ነው። ሰውየው ታክሲው ውስጥ «ይሄ ነገር እንዴት ያምራል!» ብሎ፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይወርዳል።

ስለዚህ፦ ከዘፈኑ በፊት አጭር፣ ከዘፈኑ በኋላ ረዘም ያለ። በፊቱ ለምን ጆሮ እንደሚሰጡት ብቻ ንገሯቸው። ለምሳሌ «አሁን ማሲንቆና ቫዮሊን ጎን ለጎን ስሙ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ።» ያ ይበቃል። «እጅግ ድንቅ፣ ተወዳጅ፣ የማይጠገብ» የሚለውን ተዉት። ሰው ራሱ ይፍረድ። ዘፈኑ ሲጀምር ዝም በሉ። እስከ መጨረሻው።

ሲያልቅ ትንፋሽ ውሰዱና እንዲህ ቀጥሉ፦

«የሰማችሁት ቋንቋ ነው፣ የአዲስ አበባ ባንድ። ድምፅ ሰላምነሽ ዘመነ። ማሲንቆ እንድሪስ ሐሰን። ቫዮሊን ካይተ ሆስቴተር። ባስ ክራር ቡቡ ተክለማርያም። ከበሮ ሚሳሌ ለገሰ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የባንዱን ስም ብቻ ከጻፋችሁ የቋንቋ ትምህርት ነው የሚመጣባችሁ፤ ሰላምነሽ ዘመነ የሚለውን ጨምሩበት። ቋንቋ።»

ስሙ መጀመሪያም መጨረሻም አለ። መሪ የያዘ ሰው አይጽፍም፣ በጆሮው ነው የሚይዘው። እንዴት እንደሚፈለግም ተነግሯል። ብዙ ባንዶቻችን ስማቸውን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ በአንድ መንገድ ሌላው በሌላ መንገድ ነው፤ ስለዚህ አየር ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ ፈልጋችሁ ምን እንደሚመጣ እዩ።

ሙዚቃው የት እንደሚገኝም ንገሯቸው፤ ከሙዚቃ መተግበሪያዎቹ ሰዋሰው ላይ ካለ ሰዋሰው፣ አውታር ላይ ካለ አውታር፣ ባንዶች ራሳቸው በሚሸጡበት ድረ ገጽ በባንድካምፕ ላይ ካለ ባንድካምፕ። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ነው የሚወስደው፤ ቀሪው፣ የክፍያ ወጪው ተቀንሶ፣ ለባንዱ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ንግድ ባልሆኑ ጣቢያዎች ላይ ዋጋ መጥራትና «ሂዱ ግዙ» ማለት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። «እዚህ ይገኛል» በሉ፣ የጣቢያችሁን ደንብም አንብቡ።

7. ስቱዲዮ ከጋበዛችኋቸው

ከአምስት ሰው ሁለቱን ጋብዙ፣ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ያ ይበቃል። ከበሮውን ከማይክ አርቁት፣ ክራሩን አቅርቡት። ማሲንቆ በሙቀት ቅኝቱ ይለወጣል፣ ስለዚህ ቀድመው መጥተው ስቱዲዮው ውስጥ ይቃኙ። «ወደ ሙዚቃ እንዴት ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት፤ ሁሉም ተመሳሳይ መልስ አለው። በምትኩ «ይሄንን ዘፈን ስትሠሩ ያልተስማማችሁበት ነገር ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ያወራሉ፣ ይተራረማሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጣቢያው ከተስማማ በቪዲዮ ቅረጹት። የኬኢኤክስፒ የቀጥታ ቅጂዎች ከሲያትል ውጭ ዓለም ሁሉ የሚያያቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣቢያ የሌላችሁ

በየከተማችሁ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ካለ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ግቡ። መጀመሪያ ስልክ ታነሳላችሁ፣ በመዋጮ ጊዜ ትረዳላችሁ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ አንድ ዘፈን ታቀርባላችሁ። ሰዓት የሚሰጠው ለሚታወቅ ፊት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ የተፈቀዱ እስከ 100 ዋት የሆኑ ትንንሽ ጣቢያዎችም አሉ፣ ሥርጭታቸው ወደ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ አቅራቢ ሲያጡም ይታያል። ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ለመጀመር ደግሞ ለማሰራጫ አይስካስት፣ ከኮምፒውተራችሁ ለመላክ ቡት የሚባለው ፕሮግራም አለ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሙዚቃው ፈቃድ ግን ነፃ አይደለም፤ ሳትጀምሩ አጣሩ። እሱ ከከበዳችሁ ፕሮግራሙን ቀድታችሁ ሚክስክላውድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጫኑ፤ ድርጅቱ ራሱ ከመብት ሰብሳቢዎች ጋር ስምምነት ስላለው ሙዚቃ ያለበት ፕሮግራም እዚያ መቀመጥ ይችላል።

8. ከአየር በኋላ

በዚያው ማታ የዘፈኖቹን ዝርዝር አውጡ፤ በሁለቱም ፊደል፣ በአማርኛም በላቲንም። የሚፈልግ ሰው በየትኛው እንደሚጽፍ አይታወቅም። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ዘፈን ድገሙት። መጀመሪያ ያለፈው ሰው ሁለተኛው ላይ «ይሄን የት ነው የሰማሁት?» ይላል፣ ያኔ ነው የሚፈልገው። ሌላ ከተማ ፕሮግራም ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ፋይሉን ሳይሆን የባንዱን አድራሻ ስጡት። እሱም ራሱ ይጻፍላቸው።

ለባንዱ ደግሞ የተጫወተበትን ቀንና ሰዓት፣ የጣቢያውን ስም፣ የቀረጻውን ሊንክ ላኩላቸው። አድማጭ ደውሎ ወይም ጽፎ ያለው ነገር ካለ እንደወረደ አያይዙት፣ የደዋዩን ስም ትታችሁ። ሌላ ጣቢያ ሲጠይቁ፣ ለጉዞ ቪዛ ሲያመለክቱ፣ ፌስቲቫል ላይ ሲመዘገቡ «የት ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ?» ይባላሉ፤ ያቺ መልእክት የሚያሳዩት ማስረጃ ትሆናቸዋለች።